ባለ 5 ሜትር ወይስ ባለ 7 ሜትር የሞተር ጀልባ?

የሞተር ጀልባ ልትገዙ አስባችሁ በእነዚህ በሁለቱ መሃል ልባችሁ ከተንጠለጠለ፣ መጀመሪያ የምትሄዱበትን ውሃ አስቡ። ልዩነቱ 2 ሜትር ብቻ ይመስላል። ግን ጀልባ ሲረዝም ወርዱም ቁመቱም አብሮ ያድጋል፤ ክብደቱ ከእጥፍ ሊያልፍ ይችላል።

የትልቁ ጀልባ ጥቅም የሚታየው ማዕበል ሲነሳ ነው። ትንሿ በእያንዳንዱ ሞገድ ብድግ ትልና ዷ ብላ ትወድቃለች። ወገብ ያማል፣ ውሃው ፊት ላይ ይረጫል። ትልቁ ሞገዱን ሰንጥቆ ያልፋል። ባሕር ወይም ሰፊ ሐይቅ ላይ ለሚሄድ ሰው እኔ ያለማንገራገር ትልቁን እላለሁ።

ወጪው ግን ሌላ ነው። የቤንዚን ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ሲሰጥ ለአንድ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.4 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ትንሿ ባለ 50 ሞተር ቢገጠምላት 20 ሊትር መሆኑ ነው። ትልቁ ባለ 150 ቢገጠምለት 60 ሊትር። ረጋ ብሎ ለሚነዳ በጣም ይቀንሳል።

ትንሿን የለመደ ሰው ብቻውን ከተጎታች አውርዶ ውሃ ውስጥ ያስገባታል። ትልቁ ረዳት ይፈልጋል፤ የሚጎትተው መኪናም ጠንከር ማለት አለበት። ይሄን አትናቁት። ማውጣትና ማስገባቱ የሚያደክም ጀልባ ሸራ ለብሶ ግቢ ውስጥ ይከርማል።

ለተረጋጋ ውሃና ለ3 ወይም ለ4 ሰው ትንሿ ትበቃለች። «ለአንድ ቀን ነው» ብላችሁ ግን 8 ሆናችሁ እንዳትጨናነቁባት። ጀልባዋ ላይ የተለጠፈውን የጭነት ልክ አንብቡ፤ ዕቃውም ከሰው ጋር ይደመራል።