በሳነቴ አምባ ላይ ቁጭ ብለን እንድንጠብቅ ላደረጉን አስጎብኚ የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ኅዳር ከእናቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሄደን ነበር። ይህን የምጽፈው ዲንሾ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት አብረውን የወጡትን የአካባቢውን አስጎብኚ ለማመስገንና ለመሄድ ለምታስቡ እርሳቸውን ለመጠቆም ነው። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ ፈቃዳቸውን አክብሬያለሁ።

እኔ በደረስንበት ቀን በቀጥታ ሳነቴ ለመውጣት ቸኩዬ ነበር። እርሳቸው ግን ዲንሾ ራሱ ከ3,000 ሜትር በላይ መሆኑን፣ ሳነቴ ደግሞ ከ4,000 ሜትር እንደሚያልፍ ነግረውን፣ «እናትዎ አንድ ሌሊት አየሩን ይልመዱት» አሉኝ። ከሰዓቱን በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ስናዘግም፣ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም የማይገኘውን የደጋ አጋዘን እናቴ ብዙም ሳትደክም በቅርብ አየችው።

በማግስቱ በጎባ በኩል ወጣን። ቀይ ቀበሮዎች መንገዱን ስለሚያቋርጡ ሾፌራችን ቀስ ብሎ እንዲነዳ ደጋግመው አሳሰቡት። እኔ እየዞርን የምንፈልግ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ሞተሩን አስጠፍተው፣ ነፋሱ ሽታችንን በማይወስድበት በኩል ከፍልፈሎች ጉድጓድ ራቅ አድርገው አስቀመጡንና ባይኖኩላራቸውን ተራ በተራ ሰጡን። ከባሌ ውጭ የማይኖረው ይህ ግዙፍ ፍልፈል አንገቱን ብቅ አድርጎ በአቅራቢያው ያለውን ሣር በአፉ ይነጭና ወደ ውስጥ ይጎትታል። አጠገቡ የምትውል አንዲት ትንሽ ወፍ ደንግጣ ስትነሣ ደግሞ ወዲያው ይሰወራል። ልጆቼ ቀበሮውን ረስተው በዚህ ብቻ ረክተው ነበር።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከጠበቅን በኋላ አንድ ቀይ ቀበሮ ብቻውን መጣ። በመንጋ ቢኖሩም አደናቸው የየግል መሆኑን አስቀድመው ነግረውን ነበር። ቀበሮው ሆዱን መሬት አስነክቶ ተጠጋ፣ ዘለለ፣ ሳተ፤ ከሌላ ጉድጓድ አፍ ግን አንዱን ይዞ ሄደ። ለፎቶግራፍ ትንሽ እንጠጋ ብዬ ብለምናቸውም ፈጽሞ አልፈቀዱም፤ ወቅቱ ቡችሎች የሚያድጉበት ስለሆነ የምናስተጓጉለው አደን የእነርሱ ምግብ ነው ብለው አስረዱኝ። በወቅቱ ቅር ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

ስንመለስ ኦሮምኛ ስሙን «ጄዴላ ፈርዳ»፣ ማለትም የፈረስ ቀበሮ፣ ብለው ነገሩን፤ የእንግዴ ልጁን ለመብላት ሊወልዱ የደረሱ ፈረሶችንና ላሞችን ስለሚከተል ነው። በዓለም ላይ ከቀሩት ከ500 የማይበልጡ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላዩ በባሌ እንደሚገኙና ከሰፈር ውሾች የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን እንደጨረሰም የሰማሁት ከእርሳቸው ነው። ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን አውቅ ነበር፤ ይህን ግን አላውቅም ነበር።

እውነቱን ለመናገር፣ በግማሽ ቀን ሁሉን አይቶ ለመመለስ ለሚቸኩል ሰው እኚህ አስጎብኚ አይስማሙም፤ ወሬም አያበዙም። ልጆችና አረጋውያን ይዞ ለሚሄድ ግን ከእርሳቸው የተሻለ አላውቅም። ብርዱ ስለሚከብድ ወፍራም ልብስ ያዙ፣ የመግቢያውን ክፍያ በጽሕፈት ቤቱ ከፍላችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ ከዚያም «ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ እንግዳ የሚያስቀምጡት» ብላችሁ ጠይቁ፤ እኛንም የጠቆሙን ሰዎች የነገሩን እንደዚሁ ብለው ነበር።