አባት ወይስ ልጅ? አፖሎና አስክሊፒዮስ

ከጥንት ግሪኮች ፈዋሽ አማልክት ስማቸው የገነነው አፖሎና ልጁ አስክሊፒዮስ ናቸው። አባትየው የሚፈራ ነው። በሆሜር የጦርነት ግጥም በኢሊያድ መጀመሪያ ካህኑ ክሪሴስ ስለተዋረደ፣ አፖሎ በግሪኮች ሰፈር ላይ ዘጠኝ ቀን የቸነፈር ፍላጻ ያዘንባል። ግሪኮቹ የማረኳትን የካህኑን ልጅ መልሰው፣ ሠውተው ሲዘምሩለት ይታረቃል። በሽታውም ፈውሱም ከአንድ እጅ ነው።

ልጁ ግን በእርግጥም ሐኪም ነው። ከሟች ሴት ከኮሮኒስ ተወልዶ፣ ሙያውን ግማሽ ሰው ግማሽ ፈረስ ከሆነው ከኬይሮን ተማረ። ሙት እስከማስነሳት ሲደርስ የአማልክት ንጉሥ ዜውስ በመብረቅ ገደለው። ለሕመምተኛ የቀረበው፣ በእኔ አስተያየት፣ ሞትን ስለቀመሰ ነው። በኤፒዳውሮስ መቅደሱ በሽተኛው ታጥቦና መሥዋዕት አቅርቦ በተለየ አዳራሽ ይተኛል፤ አምላኩም በሕልሙ መጥቶ ይፈውሰዋል ወይም የሚያደርገውን ይነግረዋል። የዳኑት ታሪክ በድንጋይ ተቀርጾ ነበር። ክሌዮ የተባለች ሴት አምስት ዓመት አርግዛ፣ እዚያ አድራ ስትወጣ ወለደች ይላል፤ ሕፃኑም ወዲያው ከምንጩ ራሱን ታጠበ! (ማስታወቂያ ያኔም ነበር።)

አፖሎ ትንቢትም፣ ሙዚቃም፣ ቀስትም ነበረው፤ አስክሊፒዮስ ሕክምና ብቻ። ሐኪሞች በሚምሉት በጥንቱ የሂፖክራተስ መሐላ የአባት ስም ቢቀድምም፣ ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት ዓርማ ላይ ያለው እባብ የተጠመጠመበት በትር የልጁ ነው። ሶቅራጠስም ሊሞት ሲል፣ ፕላቶን እንደጻፈው፣ የዶሮ ዕዳ አለብን ያለው ለአስክሊፒዮስ ነበር።