ባልዲና አካፋ ይዘን ደብረ ብርሃን

አምና የልጅ ልጆቻችንን ይዘን አንድ ሳምንት ባሕር ዳርቻ ሰንብተን ነበር፤ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ኦሽን ሲቲ። ዘንድሮ ለገና አገር ቤት ገባን። ልጄና ባሏ አዲስ አበባ ጉዳያቸውን እስኪጨርሱ እኔና ባለቤቴ ሁለቱን ሕፃናት ይዘን ወደ ተወለድኩበት ወደ ሰሜን ሸዋ ወጣን። ትልቁ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ አራት። ትንሿ ሻንጣዬን ራሴ ካላዘጋጀሁ ብላ የአምናውን ቀይ ባልዲና የፕላስቲክ አካፋ ከትታበታለች። «እዚያ እኮ ባሕር የለም» ብላት «እናያለን» አለችኝ።

ከውጭ መጥታችሁ ሕፃናት ይዛችሁ ለመውጣት የምታስቡ አያቶች ካላችሁ፣ የተጠቀምንበትን ሁሉ እንዳገኘነው ልንገራችሁ።

መኪናውን ከነሹፌሩ ለሰባት ቀን በኮንትራት ያዝን። አከራዩ በስልክ «የልጆች ወንበር? ሁለት አለን» ብሎኝ ነበር። ጠዋት መኪናው መጣ፣ ወንበር የለም። «ማዘር፣ ትራስ ግን አለ» አለኝ ሹፌሩ፣ እሱም አፍሮ። ዘመድ ጋ ደዋውለን ለትንሿ አንድ ተውሰን ስንነሳ ረፋድ ሆነ። ወንበር ከፈለጋችሁ ከዚያው ጭናችሁ ኑ። የማንንም ቃል አትመኑ።

ሹፌሩ ግን ወርቅ ነው። በየጠዋቱ ቁርስ ሳይቀምስ ከፊታችን ላሉ ሾፌሮች እየደወለ «መንገዱ እንዴት ነው?» ይላል። አንድ ቀን ስልኩን ዘግቶ «ዛሬ ባንወጣ ይሻላል» አለን፣ አልወጣንም። ሲመሽም አይነዳም። በየጠመዝማዛው ትንሿን በመስታወት እያየ «አለቃ፣ ሆድሽ እንዴት ነው?» ይላታል። ፊቷ ሲገረጣ ከእኔ ቀድሞ ያውቃል፤ ፌስታሉም ከእጁ አይጠፋም። ከከፈልነው ሁሉ ያልቆጨኝ የሱ ጉርሻ ነው።

ሆቴሉ አዲስ ፎቅ ነው፣ መስታወቱ ያብረቀርቃል። አልጋው ላይ ግን አንድ ስስ ብርድ ልብስ። ደብረ ብርሃን እኮ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ናት። የጥር ሌሊቷ ውርጭ ነው። ያውም ብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት ከተማ! አገሩን ሁሉ ስታለብስ የኖረች ከተማ መሃል ቁጭ ብለን ተንዘፈዘፍን። እንግዳ ተቀባይዋ በደወልኩ ቁጥር «እሺ እናቴ፣ አሁን ይመጣል» ትላለች። የመጣው በሦስተኛው ጥሪ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ነው። በማግስቱ ባለቤቴ ገበያ ወጥቶ የመንዝ ባና ተሸክሞ መጣ። ከበግ ጠጉር የተሠራ፣ ወፍራም፣ ሲጥሉት ሰው የተኛባችሁ የሚመስል። ትልቁ አፍንጫውን ይዞ «በግ በግ ይላል» አለ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው እንቅልፍ ወሰደው።

ሙቅ ውሃም አለ ተብሎ ነበር። አለ፣ ግን ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ብቻ። ይህንን የሚነግራችሁ ሰው የለም፤ ልጅ ሳሙና ከተቀባ በኋላ ነው የምትደርሱበት። የወጥ ቤቷ ልጅ አዝናልን ውሃ አፍልታ አመጣችልን። ትንሿን በቀዩ ባልዲ እየቀዳሁ አጠብኳት። ባልዲው ሥራ የጀመረው ያን ቀን ነው።

ሁለተኛው ማታ ስለ ከተማዋ ስም እያወራኋቸው ነበር። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ ሳሉ ከሰማይ ብርሃን ወረደ፣ እሳቸውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ቦታውም ደብረ ብርሃን ተባለ እያልኩ። መብራት ጠፋ። ከጨለማው ውስጥ ትልቁ «ታዲያ አሁን የት ሄደ?» አለኝ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ በሳቅ አለቅን። ሒሳብ ስንከፍል ደግሞ ካርዱ «ሲስተም የለም» ሆነ። ቴሌብር አዳነን፤ ሲም ካርድ አዲስ አበባ እያላችሁ አውጡ።

ምግቡ ደህና ነው። እንቁላል ፍርፍርና ገንፎ ካለ ልጅ አይራብም።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም፣ በኋላ ምኒልክም የከተሙበት ኮረብታ ላይ ሎጅ አለ። መኪና እስከ ላይ አይወጣም፤ ዳገቱ በእግር ነው። ጉልበት ያለው ይውጣ። እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አንድ የሰፈሩ ወጣት ትንሿን ትከሻው ላይ አድርጎ እየዘፈነ ወጣ። ዋጋ ብጠይቀው «እንደፈለጉ» አለኝ። ይቺ «እንደፈለጉ» የምትባል ነገር ከታሪፍ በላይ ታስከፍላለች፤ ሰጠሁት፣ ደስም አለኝ። ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች ነበሩ፤ ደረታቸው ላይ ቀይ ራቁት ቆዳ ያላቸው፣ ቁጭ ብለው ሣር እየነጩ የሚበሉት። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሉም ብዬ ስነግረው ትልቁ «እኛስ ለምን ሌላ ቦታ አለን?» አለኝ። ለአያቱ አስተላለፍኩት።

የሳምንቱ ትልቅ ቀን ግን ሸዋ ሮቢት ነው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ስንገባ ሁለቱም መጮህ ጀመሩ፣ ሹፌሩም አብሮ ጮኸ። ከዋሻው ወዲያ ቁልቁለት ነው። በየኩርባው አንድ ልብስ ይወልቃል። ደብረ ሲና ጃኬት፣ ከዚያ ሹራብ። ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ስንደርስ በካናቴራ ቀርተናል።

ሮቢ ወንዝ በበጋ ቀጠን ብሎ ነው የሚፈስሰው፤ ዳርና ዳሩ አሸዋ ነው። ትንሿ ከመኪናው ወረደች፣ አየች፣ ወደ እኔ ዞረች። «አላልኩሽም?» አለችኝ። ፍየል የሚጠብቁ ሦስት ልጆች መጡ። መጀመሪያ ርቀው ቆሙ። ቀጥሎ አካፋው ከእጅ ወደ እጅ ሄደ። አንዱ በባልዲው ውሃ እያመላለሰ ግድብ ገደቡ። ባለቤቴ ሱሪውን ሰብስቦ መሐንዲስ ሆነ። አምና ኦሽን ሲቲ ለጃንጥላና ለወንበር በቀን እንከፍል ነበር፤ እዚህ ጥላው የግራር ነው። ወባ ስላለ ግን ሳይመሽ ተነሳን። የትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ።

ስንመለስ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልገዛ ቆምን። ሻጯ የምትጨምርበት ፌስታል ስታጣ ትንሿ ባልዲዋን በመስኮት አወጣችላት። ሴትዮዋ ስቃ ሞላችላት፣ ከላይም ምርቃት ጨመረችበት።

ባልዲው አሁን ቨርጂኒያ ነው፣ ኩሽናዬ ውስጥ። ቆሎው ሊያልቅ ሲል ሥሩ ላይ የሮቢ አሸዋ እንዳለ አወቅን። በጥርሴ ያወቅኩት እኔ ነኝ።