የኮቺ የውሃ ሜትሮ፣ በጣና ጀልባ ነጂ ዓይን

ሥራዬ ጣና ላይ ጀልባ መንዳት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ፣ ወደ ደብረ ማርያም ሰው አመላልሳለሁ። እህቴን ለማሳከም ደቡብ ሕንድ፣ ኮቺ ስንከርም ግን ተራዬ ደርሶ ተሳፋሪ ሆንኩ። እዚያ በየጊዜው የያዝነው የውሃ ሜትሮ የሚሉትን የከተማውን የሕዝብ ጀልባ ነበር። ስለ ውሃ ሥራ ትንሽ ስለማውቅ፣ ያየሁትን ልጻፍላችሁ።

ኮቺ ኬረላ የሚባለው የሕንድ ክልል ወደብ ናት። ግማሿ የብስ፣ ግማሿ ደሴት ነው። የውሃ ሜትሮው በፈረንጆቹ ሚያዝያ 2023 ነው ሥራ የጀመረው። ጀልባዎቹ በባትሪ ይሄዳሉ፤ የተሠሩትም እዚያው ኮቺ ባለው የመርከብ መሥሪያ ነው። ትልልቆቹ 100 ሰው ይይዛሉ። እኔ ስሳፈር ትንሹ ሂሳብ 20 ሩፒ፣ አሮጌው ሰፈር ፎርት ኮቺ ድረስ ደግሞ 40 ነበር። የቤንዚን ሽታ የለም። ሞተሩ መነሳቱን የማውቀው ዳሩ ሲርቅ ሳይ ነው። ጀልባው ከሥር ሁለት ሆድ ስላለው ውሃውን ብዙ አይንጠውም። እኛ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ስናይ ፍጥነት የምንቀንሰው ማዕበላችን እንዳይገለብጠው ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ጨዋነት እሱ ነውና ይሄን ነገር በጣም ወደድኩት።

ከሁሉም ያስቀናኝ ግን ማረፊያው ነው። የባሕሩ ውሃ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ይላል። መሳፈሪያው ተንሳፋፊ ስለሆነ አብሮት ከፍ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የጀልባው ወለልና የመሳፈሪያው ወለል ሁልጊዜ እኩል ናቸው። ሠራተኛው ገመዱን ያስራል፣ በሩ ይከፈታል፣ በቃ። እህቴ ገና ስፌቷ አልደረቀም ነበር፤ ክራንቿን ይዛ ማንም ሳይደግፋት ራሷ ገባች። ከኋላዋ አንድ አባት በተሽከርካሪ ወንበር ገቡ። ቆሜ አየሁ።

ጣና ክረምት ይሞላል፣ በጋ ይጎድላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊሳለሙ የመጡ እናቶችን ብብታቸውን ይዘን፣ ድንጋይ ላይ እያዘለልን ነው የምናወርዳቸው። እግዜር እየጠበቀን እንጂ አደጋ ነው። ባትሪው ውድ ነው፣ ይቆየን። ተንሳፋፊ መሳፈሪያ ግን ከባድ ቴክኖሎጂ አይደለም። የጀልባ ማኅበራትም ከተማውም ቢያስቡበት ከልቤ ደስ ይለኛል።

እምቦጭ እዚያም አለ! በኮቺ ዙሪያ ባሉት ቦዮችና በቬምባናድ ሐይቅ ላይ ያንኑ ወይን ጠጅ አበባ ሳይ ሆዴ ተላወሰ።

ፎርት ኮቺ ስትወርዱ የቻይና መረብ የሚሉትን ታያላችሁ። ትልቅ መረብ በረጅም እንጨት ተወጥሮ፣ በሌላው ጫፍ ድንጋይ በገመድ ተንጠልጥሎለት፣ ሰዎች ተጋግዘው እየሳቡ ያወጡታል። ትንሽ አለፍ ሲል የቅዱስ ፍራንሲስ ቤተ ክርስቲያን አለ። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1524 ኮቺ ሞቶ መጀመሪያ የተቀበረው እዚያ ነው፤ በኋላ አፅሙን ወደ ፖርቱጋል ወስደውታል። የእሱ ልጅ ክርስቶፎር በ1541 ወደ እኛ አገር ዘምቶ፣ በዓመቱ እዚሁ የተገደለው መሆኑን ለእህቴ ስነግራት አላመነችኝም። የአባትየው መቃብር ኮቺ፣ የልጅየው ደም ኢትዮጵያ።

ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የያዝነው ባጃጅ ግን አናደደን። በርካሽ ተስማምተን ተሳፈርን፤ ሰውየው ሳንጠይቀው ከአንዱ የቅመም ሱቅ ወደ ሌላው ያዞረን ጀመር። ኮሚሽን አለው። የታመመ ሰው ይዞ እንዲህ ማድረግ ነውር ነው። ስትሳፈሩ «ሱቅ የለም» በሉና አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ምግቡን አትፍሩት። አፓም የሚሉት ከሩዝና ከኮኮናት ወተት ተቦክቶ የሚጋገር ነው። መሃሉ እንደ እንጀራ ለስላሳ፣ ዳር ዳሩ ስስና ቀርጠፍ የሚል። ከአሳ ወጥ ጋር እህቴ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ጠግባ የበላችው እሱን ነው።

ክረምታቸው እንደ እኛው ሰኔ ላይ ይገባል፣ ዝናቡም ከባድ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ብትሄዱ ይሻላል። ጀልባው ዝግና ቀዝቃዛ አየር ያለው ስለሆነ ነጠላ ያዙ። ነፋስ የሚወድ ሰው ደግሞ አሮጌውን የመንግሥት ጀልባ ይያዝ፤ እሱ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ዋጋውም በጣም ይረክሳል።