ድሬ ላይ ቤት ለሚሠራ፦ ብሎኬት፣ ሳንድዊች ፓናል ወይስ ሁለቱን ማቀላቀል?

«ሙሉ ቤቱን በፓናል ባሠራው አይረክስም?» ድሬዳዋ ውስጥ ቦታ ያገኘ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ ነው። አይረክስም። ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ፓናል (በሁለት ላሜራ መካከል ፎም ያለበት ሰሌዳ) ቢሆን ይሻላል፤ ምክንያቱን ከነሒሳቡ እንየው።

ፎቅ የሌለው ቤት ድሬ ላይ የሚጋለው ከአናቱ ነው። በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መገባደጃ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች፤ ባዶ ቆርቆሮ ከነኮርኒሱ ያንን አይችለውም። ሰው አልጋውን ግቢ አውጥቶ የሚያድረው ያለ ነገር አይደለም። 5 ሴንቲ ፎም ያለው ፓናል ሙቀት በማገድ ከ20 ሴንቲ ባዶ ብሎኬት ቢያንስ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ ውዱ ዕቃ መግባት ያለበት ሙቀቱ በሚገባበት በኩል ነው።

ዋጋው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የፓናሉን ካሬ ከባዶ ቆርቆሮ ካሬ ጋር ስለሚያወዳድር ነው። ፓናል ጣሪያ ላይ ሲውል ቆርቆሮውን፣ ኮርኒሱን፣ የኮርኒሱን ሞራሌ (ማሰሪያ እንጨት) እና ቀለም አንድ ላይ ይተካል። አራቱን ደምራችሁ አወዳድሩ፤ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። ግድግዳ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አንድ ካሬ የብሎኬት ግድግዳ ከነስብራቱ 13 ብሎኬት፣ ለማያያዣውና ለሁለቱ ወገን ልስን ግማሽ ከረጢት ገደማ ሲሚንቶ፣ አሸዋና የግንበኛ ዋጋ ይፈልጋል። ሲሚንቶው እዚሁ ድሬ ይመረታል። የፓናል ግድግዳ ግን የቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ ብረት) ምሰሶ፣ ዩ ቻናል፣ ሪቬት፣ ሲሊኮን፣ የበርና የመስኮት ዙሪያ ላሜራ ይጨምራል፤ ከአዲስ አበባ ከተጫነ ደግሞ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ የመኪና ኪራይ አለው። ሻጩ የነገራችሁ የካሬ ዋጋ ይህን ሁሉ አያካትትም።

ሻጩ ጋ ስትሄዱ ሦስት ነገር አስጽፉ። አንደኛ፣ 15 በመቶ ቫት ገብቷል ወይስ አልገባም? ሁለተኛ፣ ስፋቱ የሚሸፍነው ነው ወይስ ከነመጋጠሚያው? 1 ሜትር ተብሎ ተሸጦ 95 ሴንቲ የሚሸፍን ከሆነ 5 በመቶ ከፍላችሁ ያላገኛችሁት ነው። ሦስተኛ፣ በልክ ይቆረጣል? 4 ሜትር ከ10 ለሚያስፈልገው ክፍል የ5 ሜትር ከ80 ፓናል መግዛት 30 በመቶ ገደማ መጣል ነው። ውፍረት ላይ ግን አትሰስቱ። ከ5 ወደ 7.5 ሴንቲ ሲኬድ የሚጨምረው ፎሙ ብቻ ነው፤ ሁለቱ ላሜራዎች ያው ናቸው። ለ7.5 ብዙ የሚያስጨምር ሻጭ ሊበላችሁ ነው። ሐረር ላይ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ 5 ሴንቲ ይበቃል፤ ድሬ ላይ ግን ለጣሪያ ከ7.5 አትውረዱ።

ገበያው ላይ ያለው ማታለል ላሜራውና ፎሙ ላይ ነው። 0.4 ሚሊ ተብሎ 0.3 ይመጣል፤ ፎሙም በእጅ ሲጫኑት የሚሰምጥ ይሆናል። መፍትሔው ሚዛን ነው። ለጥ ካለው ባለ 5 ሴንቲ ፓናል 50 በ50 ሴንቲ አስቆርጡና መዝኑ። ሁለቱም ላሜራ 0.4 ሆኖ ፎሙ ደህና ከሆነ 1.7 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። 1.3 ካለ አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ጥላችሁ ውጡ። ቀጥሎ ላሜራውን ከጥጉ ላጡት። ፎሙን ይዞ ከተነሳ ማጣበቂያው ጥሩ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከተላጠ ግን የድሬ ፀሐይ ራሱ ይልጠዋል። ጥቁር ሰማያዊና ቡናማ ጣሪያም ይቅርባችሁ፤ ነጭ ፎም 80 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ መለስለስ ይጀምራል፣ ጥቁር ላሜራ ደግሞ በቀትር ወደዚያ ይጠጋል።

ብሎኬቱም ከማጭበርበር አያመልጥም። ውኃ ሳይጠጣ በፀሐይ የደረቀ ብሎኬት በሚስማር ሲፋቅ እንደ አሸዋ ይረግፋል። ቢያንስ 7 ቀን ውኃ መጠጣቱን ሳታረጋግጡ አትጫኑ።

ብዙ ቤት የሚበላሸው ሁለቱ ዕቃዎች በሚገናኙበት ቦታ ነው። የ6 ሜትር ፓናል በቀንና በሌሊት ሙቀት ልዩነት እስከ 3 ሚሊ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል፤ ብሎኬቱ ግን ያን ያህል አይንቀሳቀስም። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ የለሰነ ግንበኛ በመጀመሪያው በጋ ስንጥቅ፣ በመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ ፍሳሽ ያወርሳችኋል። እዚያ ሲሊኮንና የታጠፈ ላሜራ ነው የሚገባው፤ ላሜራው የሚታሰረውም በአንድ ወገን ብቻ ነው። ፊሸር (ብሎን የሚይዝ ፕላስቲክ) በባዶ ብሎኬት ላይ አይያዝም። ስለዚህ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ቶፕ ታይ ቢም (ግድግዳውን ከላይ ዙሪያውን የሚያስር ኮንክሪት) ይሞላ፣ የጣሪያው ማሰሪያ ብረት ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ይቀበር። ፓናል ቀላል ነው፤ ያልታሰረ ጣሪያ ንፋስ ይነሳበታል።

ግድግዳ ላይ ፓናል የምመክረው ሁለት ቦታ ነው። አንዱ የውስጥ ክፍልፋይ ነው። ሌላው የመኝታ ቤቱ የምዕራብ ግድግዳ ነው፤ ብሎኬቱ ከሰዓት የጠጣውን ሙቀት የሚተፋው ልክ በመኝታ ሰዓት ስለሆነ ከውጭ በኩል ፓናል ይልበስ። ከታች ግን ከመሬት 40 ሴንቲ ከፍ ብሎ ይጀምር፤ ምስጥና አይጥ ፎም ውስጥ ቤት ይሠራሉ። በደቻቱ ወንዝ ዳር ላለ ሰው ደግሞ የ1998ቱን ጎርፍ ማስታወስ አያሻውም። ከሰል የሚነድበት ማድ ቤት ውስጥ ነጭ ፎም ፈጽሞ አይግባ፤ ይነዳል። የኤሌክትሪክ ገመድም ፎሙን እየነካ እንዳያልፍ፤ የገመዱ ላስቲክ ቀስ በቀስ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በቱቦ ውስጥ ይለፍ። ሮቶ (የውኃ ታንከር) ፓናል ላይ አይወጣም፤ 1,000 ሊትር አንድ ቶን ነው፣ የራሱ ቆጥ ይሠራለት።

ፓናሉን ማዘዝ ያለባችሁ ቶፕ ታይ ቢሙ ከተሞላ በኋላ ነው። ፕላኑ ላይ 8 ሜትር የተባለው ግንብ ሲያልቅ 4 ሴንቲ ሊያዛንፍ ይችላል። የቤቱን ሁለት ሰያፍ ከጥግ እስከ ጥግ ለኩና አስተያዩ፣ ከዚያ ጣሪያው ከግድግዳው እንዲያልፍ የግድግዳው ርዝመት ላይ በየጎኑ 40 ሴንቲ ጨምራችሁ ልኩን በጽሑፍ ስጡ።