ከወሊድ በኋላ ያለው ስፌትና ክትትል፦ የአንድ ጤና ጣቢያ አገልግሎት ሲመዘን

ታናሽ እህቴ የበኩር ልጇን የወለደችው በሰሜን ሸዋ ደጋ ውስጥ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ነው። ሰው ስለ ማዋለጃ ክፍል ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የሚያነሳው እናቲቱ በሰላም መገላገሏን ነው፤ እኔ ግን ይህን አገልግሎት የምመዝነው በምጥ ጊዜ በብልትና በፊንጢጣ መካከል ለሚደርሰው መቀደድ በተደረገው እንክብካቤ ነው።

አዋላጅ ነርሷ ከልብ ሊመሰገኑ ይገባል። የሕፃኑ ጭንቅላት ሲወጣ የእህቴ ገላ ቢቀደድም ቸኩለው ወደ ስፌት አልገቡም፤ መብራቱን አስተካክለው፣ ማደንዘዣ ወግተው፣ የፊንጢጣ መዝጊያው ጡንቻ መነካት አለመነካቱን በጣታቸው ጭምር ከመረመሩ በኋላ መቀደዱ ሁለተኛ ደረጃ መሆኑን ነገሩን። አንደኛው ደረጃ ላይ ላዩን ብቻ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ሥጋው ይዘልቃል፤ ሦስተኛው የፊንጢጣ መዝጊያውን ጡንቻ፣ አራተኛው ደግሞ የአንጀቱን የውስጥ ሽፋን ስለሚያገኝ በሠለጠነ ሐኪም እጅ መጠገን ይኖርበታል። ይህ ምርመራ ተዘልሎ ከላይ ብቻ የተሰፋች ሴት ጉዳቱን የምታውቀው ሰገራዋን መቆጣጠር ሲያቅታት ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ለማን ትናገራለች? የሕፃኑን መውጫ ለማስፋት ብለው ያለ ምክንያት በመቀስ አለመቁረጣቸውም ትክክል ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ወላድን ሁሉ በዘልማድ መቁረጥን አይደግፍም።

ድክመቱ የታየው ስንወጣ ነው። ወላድ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም መቆየት ሲገባት፣ እህቴ በወለደችበት ቀን ማታ «ንጽሕናሽን ጠብቂ» ከሚል ቃል በቀር ምንም ሳይነገራት ተሸኘች። ስፌቱን በንጹሕ ውኃ እያጠቡ ማድረቅ፣ ጨርቅን ቶሎ ቶሎ መለወጥ፣ ድርቀት እንዳይመጣ ፈሳሽና ጎመን ማብዛት እንደሚያስፈልግ፣ ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ወይም የስፌት መላቀቅ ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ መመለስ እንደሚገባ ሊነገራት ይገባ ነበር። በአካባቢያችን አራስ ምች ይመታታል ተብሎ ከቤት ስለማትወጣ፣ ያልተነገራት ነገር እዚያው ተሸፍኖ ይቀራል።

የእህቴ ስፌት መመርቀዙን ያየችው ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት። ስንመለስ ቁስሉ በሚገባ ታጥቦ መድኃኒት ታዘዘላት፤ ሆኖም ምርመራው መጋረጃ በሌለው ክፍል፣ ሌሎች ታካሚዎች እያዩ ስለተደረገ እህቴ በኃፍረት ግማሹን ሕመሟን ሳትናገር ወጣች። ለአንድ መጋረጃ የሚሆን ገንዘብ ይጠፋል ብዬ አላምንም።

ለአገልግሎቱ አልከፈልንም፤ በስፌቱ ጥራትም ሌሎች እናቶች ወደዚያው እንዲሄዱ እመክራለሁ። የምትሄዱ ግን ከመውጣታችሁ በፊት የመቀደዱን ደረጃ ጠይቁ፤ በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት የምትታዩበትን ቀጠሮም በካርድ ላይ አስጽፉ።