የዩቲዩብ አስተያየት መስጫ፦ ምስጋናው ከላይ፣ ጥያቄው ከታች

ዩቲዩብ ላይ አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ምስጋናን በሚገባ ያስተናግዳል፤ ጥያቄን ግን ይቀብራል። ይህን የምለው በእኅቴ የምግብ አሠራር ቪዲዮዎች ስር የሚጻፈውን በየዕለቱ የማነበውና የምመልሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። እርሷ ምድጃው ላይ ናት፤ ስልኩ ግን እኔ ዘንድ ነው። ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ። ሁለቱን የቀነስኩበት ምክንያት አንድ ነው፤ አሰላለፉ።

አስተያየቶቹ ሲከፈቱ ቀድሞ የሚመጣው ምርጦቹን ከላይ የሚያደርገው አሰላለፍ ነው። ብዙ ላይክ ያገኘው በአብዛኛው ከላይ ይቀመጣል። በዶሮ ወጥ ቪዲዮ ስር ከላይ የሚቀመጠው ምን እንደሆነ ማንም ያውቀዋል፦ «እጅሽ ይባረክ»፣ «ባለሙያ ነሽ የኔ እናት»፣ «ከስደት ስንመለስ ያብላን»። ደግ ቃል ነው፤ እኅቴም ስታነበው ድካሟ ይቀልላታል። ነገር ግን ቤይሩት ውስጥ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት ልጅ «እኅቴ፣ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ሳቁላላው ከታች እየያዘብኝ ነው፤ ውኃ ጠብ ላድርግበት ወይስ እሳቱን ልቀንስ?» ብላ ትጽፋለች። ድስቱ እሳት ላይ ነው። መልሱን የምትፈልገው አሁን ነው። ለጥያቄ ላይክ የሚሰጥ ሰው ጥቂት ስለሆነ ግን ጽሑፏ ከታች ይቀራል።

«አዲሱን ከላይ አድርግ» የሚል አማራጭ አለ፤ እኔም የምሠራው በእርሱ ነው። ተመልካቹ ግን አማራጩን አይነካውም። ትልቁ ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለወጥ ጥያቄ የተሻለውን መልስ የሚሰጡት ብዙ ጊዜ እኛ ሳንሆን ሌሎች እናቶች ናቸው። ጅዳ ያለችው ሴት ዋሽንግተን ላለችው በምን ዱቄት እንጀራ እንደምትጋግር ትነግራታለች። ጥያቄውን ካላዩት ግን ከየት አምጥተው ይመልሱ? በመካከሉ ደግሞ «ደምሩኝ ውዶች፣ ቤተሰብ እንሁን» የሚለው ጎርፍ አለ። ቻናል ከፍቶ ሰው መፈለግ ነውር አይደለም፤ ሆኖም ስለ ምግቡ የተጻፈውን ከዓይን ያርቀዋል።

አሁን ወደሚያስመሰግነው ልምጣ። አንድ ሰው አስተያየቱ ውስጥ 7:40 ብሎ ሲጽፍ ቁጥሩ ወደ ማያያዣ ይለወጣል፤ ሲነኩት ቪዲዮው በቀጥታ ወደዚያች ደቂቃ ይሄዳል። «7:40 ላይ የጨመርሽው መከለሻ ነው ወይስ ነጭ ቅመም?» ስትባል እኅቴ ምን እንደተጠየቀች ለመረዳት ቪዲዮውን ከመጀመሪያው ማየት አይኖርባትም። ለምግብ፣ ለስፌት፣ ለመኪና ጥገና ትምህርት ከዚህ የሚበልጥ ነገር በየትኛውም አስተያየት መስጫ አላየሁም። አንድን አስተያየት ከሁሉም በላይ እንዲቆይ መሰካትም መልካም ነው፤ የመሥሪያውን መጠን እዚያ እናስቀምጣለን። የሚሰካው ግን በአንድ ቪዲዮ አንድ ብቻ ነው። መጠኑን ብሰካ የጥያቄዎቹ መልስ ቦታ የለውም።

የተገለበጠው አውራ ጣት ግን ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። በአስተያየት ላይ ሲጫኑት ቁጥር አይታይም፤ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2021 ወዲህ ደግሞ ቪዲዮውን ያልወደዱት ሰዎች ብዛትም ለተመልካች ተሰውሯል። ሰዎችን ከውርጅብኝ ለመከላከል የተደረገ መሆኑን እረዳለሁ። ነገር ግን አንዱ «የሽሮ ቅመሙ ላይ አብሹን እንደ ልብ ጨምሩበት» ብሎ ቢጽፍ፣ አብሽ ሲበዛ እንደሚመር የሚያውቁት ሁሉ ቢቃወሙትም ለጀማሪዋ የሚታያት የደጋፊዎቹ ቁጥር ብቻ ነው። ሽሮዋ ይመራል።

ቴሌግራም በቻናል ጽሑፎች ስር አስተያየት የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው፤ አሰላለፉም በጊዜ ቅደም ተከተል ነው። ጥያቄና መልስ ተከታትለው ስለሚሄዱ በዕለቱ እውነተኛ ጭውውት ይሆናል። ከሳምንት በኋላ ለሚመጣ ሰው ግን መከራ ነው፤ ጠቃሚው መልስ በሰላምታ መካከል ተቀብሯል። የውይይት ድረ ገጹ ሬዲት አስተያየቶችን ለመደርደር እ.ኤ.አ. በ2009 ያመጣው ስሌት ለእኔ የተሻለው ነው። የላይክ ብዛትን ብቻ አይቆጥርም፤ ድጋፍና ተቃውሞን አነጻጽሮ፣ ድምፅ የሰጠው ሰው ቁጥር ማነሱንም ግምት ውስጥ አስገብቶ ይመዝናል። ስለዚህ ዘግይቶ የመጣ ጥሩ መልስ ቀድሞ የመጣውን ሊያልፈው ይችላል።

የኖርዌይ የሕዝብ ማሠራጫ ድርጅት የቴክኖሎጂ ክፍል የሆነው ኤንአርኬቤታ እ.ኤ.አ. በ2017 የሞከረውም በጣም ያስቀናኛል። አስተያየት መጻፍ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ስለ ጽሑፉ ይዘት ጥቂት የምርጫ ጥያቄዎችን እንዲመልስ አደረጉ። በእኛም ቪዲዮ ስር «እርሾው የሚገባው መቼ ነው?» የሚል አንድ ጥያቄ ብቻ ቢቀድም፣ ሳያዩ የሚሳደቡትም ሳያዩ «ደምሩኝ» የሚሉትም ይቀንሱ ነበር።

ስድብን ካነሳሁ፣ የተከለከለ ቃል ያለበትን አስተያየት የሚያስቀር የቃል ማገጃ ዝርዝር የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የእኛን ፊደል ጠጋ ብለው ቢያዩት እወዳለሁ። ማገጃው ፊደልን ከፊደል ጋር ብቻ የሚያመሳስል ከሆነ አማርኛ በቀላሉ ያመልጠዋል። «ሐሰተኛ» የሚለውን ቃል ብቻ ውሰዱ፦ መነሻው በሀ፣ በሐ፣ በኀ፣ በሃ፣ በሓ ወይም በኃ፣ ቀጥሎ ያለው በሰ ወይም በሠ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ነው። ከዚያ «የ»፣ «በ»፣ «ለ»፣ «እንደ» ከፊቱ ይለጠፋሉ፤ «ነት»፣ «ኞች» ከኋላ ይመጣሉ። ለአንድ ቃል ይህን ሁሉ በእጅ መመዝገብ ሥራ ያስፈታል። አንድ ድምፅ ያላቸውን ፊደሎች እንደ አንድ የሚቆጥር ማገጃ መሥራት ግን ለባለሙያ ከባድ አይመስለኝም።

ከዩቲዩብ የምፈልገው ጸሐፊው ራሱ «ጥያቄ» ብሎ የሚያመለክትበትን ምልክትና ያልተመለሱት ለብቻቸው የሚታዩበትን ዝርዝር ነው። እስኪመጣ ድረስ፣ የምትጠይቁ እኅቶች፣ ደቂቃውን ጻፉልን፤ ምን ዓይነት ምድጃ እንደምትጠቀሙም ጨምሩበት፤ የኤሌክትሪክና የጋዝ መልሱ አንድ አይደለምና።